ከመስመሩ በታች

አንድ የሒሳብ መምህር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአዋቂዎች አልጀብራ ያስተምራል፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ፣ ማይኩ አጠገብ ቆሞ ይዘምራል። መዘመር ከተባለ ማለቴ ነው።

ወገኖቼ፣ ድምፁ ትልቅ ነበር። ዜማው ወደ ቀኝ ሲሄድ እሱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ያውም በሙሉ እምነት! ኪቦርድ ተጫዋቹ እሱን ሲያሳድድ ያረፍዳል። በመጨረሻ መዘምራኑ፣ "ወይ እሱ፣ ወይ እኛ" አሉ። ይህን እንድትነግረው የተላከችው መሪያቸው እህት መሠለች ናት። መሠለች ደግሞ የማን ተማሪ ናት? የእሱው!

እንዴት ብላ ትንገረው? ሰውየው ከዚያ መድረክ የበለጠ የሚወደው ነገር የለም። "ይቅርብዎት" ቢባል ቤተ ክርስቲያኑንም ጥሎ ይሄዳል። ቅዳሜ ይህን እያሰበች ተቀምጣ ሳለ ወደ ሰሌዳው ጠራት። ኤክስ ተጽፏል፤ አናቱ ላይ ማይነስ አንድ ሁለተኛ።

"አቃልዪው" አላት።

ስኩዌር ሩት ኤክስ ብላ ጻፈች።

"አንድ ሁለተኛው ስኩዌር ሩት መሆኑን አውቀሻል፤ ጎሽ። ማይነሱስ የት ሄደ?"

"አጠፋሁት፣ መምህር። አስቸገረኝ።"

"ያስቸገረሽን ሁሉ ታጠፊያለሽ? አንቺ ልጅ፣ ማይነሱ ምን አደረገሽ? ቦታው እዚያ አይደለም እንጂ! ከመስመሩ በታች አውርጂው፤ እታች ሲወርድ ፕላስ ይሆናል። አንድ ሲካፈል ለስኩዌር ሩት ኤክስ። አለቀ!"

መሠለች ጠመኔውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ፣ "መምህር፣ ነገ እርስዎም ከመድረኩ ይውረዱልን" አለች።



"ማነው እንዲህ ያለው?"

"አሁን፣ እርስዎ።"

በማግስቱ አልመጣም። በሚቀጥለው እሁድም አልመጣም። መሠለች፣ "አጠፋሁት" ብላ አለቀሰች።

ከዚያ አንድ እሁድ እንዳኮረፈ መጣና ከኋላ፣ ጆሯቸው ከደከመው ከጋሽ ላንቃሞ ጎን ተቀመጠ። ስብከቱ ሲጀመር ጋሽ ላንቃሞ እጅጌውን ጎተት አድርገው፣ "ምን አለ?" አሉት። በዚያ በሚታወቀው ድምፁ ነገራቸው። ቀጥሎም ነገራቸው። ጆሮ የደከማቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወንበራቸውን እየጎተቱ ከበቡት።

ስብከቱ ሲያልቅ ጋሽ ላንቃሞ፣ "ይኼን ሁሉ ዓመት አሜን ስል የኖርኩት ለዚህ ነበር?" አሉ። በምስጋና ይሁን በቅሬታ፣ ሰባኪው እስከ ዛሬ ለመጠየቅ አልደፈረም። መምህሩ ግን ዛሬ አንድ እሁድ ቢቀር፣ የኋላው ወንበር በሙሉ ቤቱ ድረስ ሰው ይልክበታል።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ያስቸገራችሁን ስንቱን ሰው አጥፍታችሁ "መልሱ ወጣ" ብላችኋል? ያ የማይስማማችሁ አማች፣ ያቺ አፏ የማያርፍ ጎረቤት፣ ቦታ ፈልጋችሁላቸዋል? ያጠፋችሁት መልሱን ያበላሻል። ያወረዳችሁት ግን እዚያው መልሱ ውስጥ አለ።

ደግሞ አይቻችኋለሁ፤ ሁላችሁም ስለ ሌላ ሰው እያሰባችሁ ነው። መምህሩም ደንቡን ለሌላው ሲያስተምር አልከበደውም፤ የከበደው ለራሱ ሲደርስ ነው። ከመካከላችን መውረድ ያለበት ማነው? እስቲ ማይኩን ጨብጦ አልለቅም ያለውን ሰው እዩት።

ለምን ሁላችሁም እኔን ታያላችሁ?

እሺ። ገባኝ። እየወረድኩ ነው።