የክቡ ቤት ክፍፍል

ግራዝማች ወንድይራድ የሚባሉ አገር የሚፈራቸው ባለርስት ነበሩ። ሚስታቸው ግን አንደበቷ የማይበገር ሴት ነበረችና ኑሮው ሲያንገሸግሻት ፍቺ ጠየቀች። ሽማግሌዎችም ክቡን ቤት እኩል እንዲካፈሉ ፈረዱ።

ግራዝማች ገመድ አስመጥተው በምሰሶው በኩል አሳለፉና ቤቱን ለሁለት ከፈሉት። በሩ በእሳቸው በኩል ቀረ፤ የሴትየዋ ግማሽ ዙሪያውን ግድግዳ ብቻ ሆነ።

«እስቲ ለኩት» አሉ ግራዝማች እየተጀነኑ። «ቅርጹም ስፋቱም አንድ ነው። አንዱን አንስታችሁ በሌላው ላይ ብትደርቡት ጣት ታህል አይተርፍም። ነገ መሀሉን በግድግዳ አስዘጋዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ለኩት፤ እውነትም ልክ ለልክ ነው። የበሩን ነገር አይተዋል፤ ነገር ግን ግራዝማችን ፈርተው ዝም አሉ።

ሴትየዋ ረጋ ብላ ተነሳች።

«ግራዝማች እውነታቸውን ነው» አለች። «ሁለቱ ግማሾች አንድ ከሆኑ ብንለዋወጥ ማንም አይጎዳም። እንግዲያው ነገ ግድግዳው ሲሠራ እሳቸው በእኔ ግማሽ ይቀመጡ፣ እኔም በእሳቸው። ሥራው አልቆ ለምሳ ብቅ ካሉ፣ ክፍፍሉ እኩል ነው ብዬ እቀበላለሁ።»

በማግስቱ ግድግዳው ሳይጀመር በሴትየዋ በኩል በር ተከፈተ።