አልሞትም ያለው እርሾ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፣ የሌላችሁ ተዋሱ። ሞት ስለተለመነበት ቀን ላወራችሁ ነው።

ስንዱ የምትባል የላብራቶሪ ሴት ነበረች። የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ እርሾ እንዲሞትላት። ያው ዳቦ የሚነፋው እርሾ ነው። "እርሾ መግደል ምን ያለፋል፣ የፈላ ውሃ ድፋበት" ትሉኝ ይሆናል። እንደሱ አይሆንም። ታዞ መሞት አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰው ገላ ውስጥ ፕሮቲን ከሚባሉት ሠራተኞች አንዱ ዘበኛ ነው። የተበላሸ ሴል ሲያገኝ "በል ሙት" ይለዋል፣ ሴሉም እሺ ብሎ ይሞታል። ዘበኛው አቅም ካጣ ግን ያ ብልሹ ሴል ይራባል፣ ይከመራል፣ ዕጢ ይሆናል፣ አያድርስ። ማስተዋል የምትባል ልጅ ታላቅ እህቷን በጡት ዕጢ ቀብራለች። የእሷም ዘበኛ እንደ እህቷ ልፍስፍስ ከሆነ፣ ሐኪሙ ሐሙስ ሁለቱንም ጡቷን ሊያነሳ ቀጠሮ ይዟል። ስንዱ ታዲያ የልጅቱን ዘበኛ እርሾ ውስጥ ተከለችው። በሌላ ሳህን ደግሞ የሟች እህትየዋን ዘበኛ ተከለች። እርሾው ታዞ ከሞተ የማስተዋል ዘበኛ ደህና ነው። ካልሞተ ቢላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስንዱ ሳህኑ ላይ ጎንበስ አለች። "እርሾዬ፣ በሞቴ ሙትልኝ።"

"ዘበኛው ሳያዘኝ ለምን ብዬ" አለ እርሾው።

ወደ ዘበኛው ዞረች። "እባክህ እዘዘው።"

"ተኝቻለሁ። የወተት ስኳር ካልቀሰቀሰኝ አልነሳም።"

ዘበኛው አያዝ፣ እርሾው አይሞት።

ከወተት የሚወጣውን ስኳር ከመደርደሪያ አወረደች። "ቀስቅሰው።"

"ግሉኮስ ባለበት ቤት እኔን ማን ይሰማኛል? እሱን እጠቢና ጥሪኝ።" እርሾው ግሉኮስ እየበላ ነበር ያደገው።

የወተት ስኳሩ አይቀሰቅስ፣ ዘበኛው አያዝ፣ እርሾው አይሞት።

"ግሉኮስ፣ ልቀቅ።"

"ተወድጄ የተቀመጥኩ ነኝ። የተጣራ ውሃ ካላነሳኝ አልነሳም።"

ግሉኮሱ አይታጠብ፣ የወተት ስኳሩ አይቀሰቅስ፣ ዘበኛው አያዝ፣ እርሾው አይሞት።

ወደ ውሃ ማጣሪያው ሮጠች። ማጣሪያው ጨለማ ውስጥ ተኮፍሷል። "መብራት ጠፍቷል፣ ሴትዮ። በባዶ ሆዴ አልሠራም። ጄኔሬተሩ ያብላኝ።"

ማጣሪያው ውሃ አይሰጥ፣ ግሉኮሱ አይታጠብ፣ የወተት ስኳሩ አይቀሰቅስ፣ ዘበኛው አያዝ፣ እርሾው አይሞት።

ጄኔሬተሩ ጓሮ ቆሟል። "ናፍጣ ካልጠጣሁ ድምፄም አይወጣም። ናፍጣው መጋዘን ነው፣ ቁልፉ ጋሽ ዳምጠው ኪስ ነው።"

ጄኔሬተሩ አይጮህ፣ ማጣሪያው ውሃ አይሰጥ፣ ግሉኮሱ አይታጠብ፣ የወተት ስኳሩ አይቀሰቅስ፣ ዘበኛው አያዝ፣ እርሾው አይሞት። ሐሙስ ደግሞ እየመጣ ነው፤ ሐሙስን የሚያስቆም ቁልፍ የለም።

ጋሽ ዳምጠው የመጋዘን ኃላፊው ነው። ሚስቱን በቅርቡ ቀብሮ ከእግር እስከ ራሱ ከል ለብሷል።

"ጋሽ ዳምጠው፣ እንደምን አደሩ። የናፍጣውን ቁልፍ ፈልጌ ነበር።"

"ለምን ፈለግሽው፣ ልጄ?"

የቸኮለች ሴት ምን ቃል ትመርጣለች? "የምገድለው ነገር አለ፣ ለሱ ነው" አለችው።

ሰውዬው ኪሱን በመዳፉ ከደነ። "ከል ለብሼ ለሞት ስንቅ አላቀብልም።"

"እርሾ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"እርሾም ይሁን፣ ጉንዳንም ይሁን። ሞት ከቤቴ ከወጣ ገና እግሩ አልራቀም። በኔ እጅ ተመልሶ አይላክም።"

ስንዱ ደግሞ የማንን ገላ እንደምትመረምር ለሰው መናገር አይፈቀድላትም። እንግዲህ ዳምጠው ናፍጣ አይሰጥ፣ ጄኔሬተሩ አይጮህ፣ ማጣሪያው ውሃ አይሰጥ፣ ግሉኮሱ አይታጠብ፣ የወተት ስኳሩ አይቀሰቅስ፣ ዘበኛው አያዝ፣ እርሾው አይሞት።

ከበሩ ውጭ ማስተዋል ቆማ ነበር። ቤት መቀመጥ አቅቷት መጥታ ሁሉንም ሰምታለች። ገባች።

"ጋሼ፣ እርሾው የኔ ነው።"

"እንዴት ያንቺ ይሆናል?"

"እሱ ውስጥ የኔ ዘበኛ አለ። እሱ ከሞተ እኔ በሙሉ ገላዬ እኖራለሁ። እሱ ከኖረ ሐሙስ እቆረጣለሁ። እህቴን እንደሆነ አፈር በልቷታል።"

ጋሽ ዳምጠው ልጅቷን አየ፣ መሬቱን አየ። "የኔዋን ዘበኛ ማንም ቀድሞ አልጠየቀላትም" አለና ተነሳ። "ጀሪካኑን እኔ እይዛለሁ፣ እናንተ ትደፉታላችሁ።"

ዳምጠው ናፍጣ ሰጠ፣ ጄኔሬተሩ ጮኸ፣ ማጣሪያው ውሃ ሰጠ፣ ግሉኮሱ ታጠበ፣ የወተት ስኳሩ ቀሰቀሰ፣ ዘበኛው ነቃ።

እርሾውስ? መሞት አለመሞቱ እስኪለይ ሁለት ቀን ይጠበቃል። መቀስቀስ አንድ ነገር ነው፣ ማዘዝ መቻል ሌላ። ማክሰኞ ዋለ። ማስተዋል እህል አልቀመሰችም።

ረቡዕ ጠዋት ሦስቱም ሳህኖቹን ከበቡ። ስንዱ መጀመሪያ የሟች እህትን ሳህን ከፈተች። እርሾው ነጭ ሆኖ ሞልቷል፣ ማንም ያዘዘው የለም። ማስተዋል የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

ስንዱ ሁለተኛውን ክዳን አነሳች። ጠጋ አለች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ እንደገና አየች።

"እና?" አለ ጋሽ ዳምጠው። "ሞተ?"

"ሞተ፣ ጋሼ። ታዞ ሞተ።"

ሰውዬው በከሉ ላይ አማተበ። "ነፍሱን ይማር" አለ፣ ከልቡ።

ማስተዋል ሁለት እጇን ጡቷ ላይ አድርጋ ሳቅና ልቅሶ ባንድ ላይ መጣባት፣ ስንዱም አብራት። የሐሙሱ ቢላ ለሌላ ሥራ ሄደ።

እኔም እዚህ ላይ ቆምኩ። ዘበኛችሁ አይተኛባችሁ።