የጄሶው ተራራና የጠረጴዛው እግር

ተረት ተሸክሜ መጥቻለሁ። «አውርደው» በሉኝ። እሺ፣ ላውርደው፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ ባቡር መምጣቱን በተወበት በአንድ የቆላ ከተማ፣ አቶ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በጉልምስናቸው ዘመን ጣቢያው ላይ ቆመው ለሚመጣው ባቡር ባንዲራ ያውለበልቡ ነበር። ባቡሩ ቀረ። የጣቢያው ጣራ ተገፈፈ፣ በሩ ተነቀለ፣ ፍየል አደረበት። የአቶ ቢተው ልብ ግን ከዚያ አልወጣ አለ።

«እንግዲያው እኔው እሠራዋለሁ» አሉ።

አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ወለሉ አፈር በሆነ ጓዳ ውስጥ አቆሙ። በላዩ ትንሽ ሐዲድ ዘረጉ። በሐዲዱ ላይ በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ ትንሽ ባቡር አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ አገሩን መሥራት ጀመሩ። ሽቦ ጎንጉነው፣ አሮጌ ጋዜጣ በሊጥ ለጥፈው፣ ጄሶ አፍስሰው ተራራ አቆሙ። ተራራው እንዳይነቃነቅ ሆዱን ከድሮው ሐዲድ ዳር በለቀሙት ድንጋይ ሞሉት። ስፖንጅ ቆራርጠው፣ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክረው፣ በሽቦ ሰክተው ጫካ ተከሉ። ሰጋቱራ ቀለም አጠጥተው በኮላ ላይ እየበተኑ ሣር አበቀሉ። ጣቢያውንም ከካርቶን ሠሩ፤ ደወሉ እንኳ አልቀረም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ በሩ ላይ ቆመው፦ «አንተ ሰው፣ ዛሬም እህል አትቀምስም?» ይላሉ።

«ቆይ አልጌ፣ ይህቺ ቋጥኝ ትድረቅልኝ። ለገብርኤል ንግሥ እነሮብሌ ይመጣሉ። ጣቢያቸውን ያያሉ።»

ሮብሌ ያንን ባቡር ይነዱ የነበሩ የድሮ ባልደረባቸው ናቸው።

ሰው የሚያየው ይህን ነው። የጓዳው በር ሲዘጋ ግን ዕቃው ሁሉ ያወራ ነበር። ተራራው «እኔ ባልኖር ይህ አገር ምን አገር ነው?» ይላል። ጫካው «ውበቱ እኔ ነኝ» ይላል። ባቡሩ «ሁላችሁም ለእኔ መንገድ ናችሁ» ይላል። ከታች ያሉትን አራቱን የጠረጴዛ እግሮች ግን ማንም አያነሳቸውም።

አንድ ቀን አያ ምስጥ ከወለሉ አፈር ብቅ አለና በግድግዳ በኩል ያለውን እግር አንኳኳ።

«ግባ በለኝ» አለው።

«አልልህም» አለ እግሩ።

«ብትለኝም ባትለኝም፣ ገብቻለሁ» አለ አያ ምስጥ። እውነቱን ነበር። ዘመዶቹ በወዲያ በኩል ቀድመው ገብተው ነበር።

እግሩ ጮኸ። «ኧረ ተበላሁ! ኧረ ድረሱልኝ!»

መጀመሪያ ተራራውን ለመነ። «ጋሼ ተራራ፣ አንድ ጊዜ ስንጥቅ በልልኝ። ሽማግሌው ስንጥቁን ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ እኔንም ያዩኛል።»

«እኔ ስንጥቅ?» አለ ተራራው። «ገና ቋጥኜን በሻይ ውኃና በከሰል እያጠቆሩልኝ ነው። አንተን ሊቀይሩ ቢነሱ ደግሞ እኔን ማንሳታቸው ነው፤ ጄሶ ነኝ፣ እፈርሳለሁ። ትንሽ ታገሥ።»

እግሩ ታገሠ። አያ ምስጥ ግን አልታገሠም። በላ።

«ኧረ ተበላሁ! ኧረ ድረሱልኝ!» አለ እግሩ እንደገና። ሁለተኛ ጫካውን ለመነ። «ወንድሜ ጫካ፣ አንድ ዛፍህን ወደኔ ጣልልኝ። ሽማግሌው ሊያነሱት ሲወርዱ ያዩኛል።»

«ከዚያስ?» አለ ጫካው። «ምስጡን ለመግደል ናፍጣ አምጥተው ያፈሱብሃል። ሽታው ወደኔ ይወጣል። እንግዳ ሲመጣ ናፍጣ ልሸት? ትንሽ ታገሥ።»

እግሩ ታገሠ። አያ ምስጥ በላ።

ይህን ጩኸት ከጣራው ሥር የሰማች እመት እንሽላሊት ነበረች። ወረደችና፦ «ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?» አለችው።

«ምስጥ እየበላኝ ነው።»

«ለዚህ ነው እንዴ? ምስጥ እኮ ለእኔ እራት ነው» አለች። ከዚያን ቀን ጀምራ ሲመሻሽ እየወረደች ምስጥ ትለቅም ጀመር። እግሩም እፎይ አለ። አያ ምስጥ ወደ መሬት ሸሸ።

ግን እመት እንሽላሊት ስትወጣና ስትወርድ መንገዷ በጫካው መሐል ነበር። አንድ ቀን ጅራቷ አንዲት ዛፍ አዘመመ። ጫካው በገነ። ተራራውን ጠርቶ፦ «ይህቺ ቆዳዋ የሚያስጠላ በእኛ ላይ እየሄደች ዝም እንበል?» አለው።

«ዝም አንልም» አለ ተራራው። ተማከሩ። በማግስቱ ጫካው ሦስት ዛፎች ከሥራቸው ነቅሎ በመንገዷ ላይ ጣለ። ተራራውም ጎኑን ሰንጥቆ ትልቅ ቅርፊት አወረደ። ለእግሩ አልሰነጠቅም ያለው ተራራ፣ ለተንኮሉ ጊዜ ተሰነጠቀ።

አቶ ቢተው ገብተው ሲያዩ ጮኹ። «አጠፋችኝ! ይህቺ እንሽላሊት አጠፋችኝ!»

ወይዘሮ አልጋነሽ ሮጠው መጡ። «ተው እባክህ፣ እንሽላሊት ዛፍ አትነቅል። ይልቅ ከዚህ እግር ሥር ዱቄት ይፈስሳል፣ እስቲ ጎንበስ ብለህ እየው።»

«ሰጋቱራዬ ነው ባክሽ፤ ለሣሩ የበተንኩት ነው።»

«የበተንከው አረንጓዴ አይደል እንዴ? ይሄ ነጭ ነው።»

«አልጌ፣ አታድርቂኝ!»

ጫማቸውን አወለቁ። እመት እንሽላሊት ግድግዳው ላይ ነበረች፤ ወደ እግሩ እየወረደች ነበር። አንድ ጊዜ መቷት፣ ወደቀች። ሁለተኛ መቷት፣ ጅራቷ ተቆረጠ። ሦስተኛውን ልናገረው አልወድም። በመጥረጊያ ጠርገው ወደ ደጅ ወረወሯት፣ ጉንዳንም ወሰዳት።

ከዚያ አቶ ቢተው ከእግሩ ሥር ያለውን ነጭ ዱቄት በእፍኛቸው ዘገኑት። «ደግሞ እንዴት ያለ ደቃቅ ነው! ከገበያው ይሻላል» አሉ። አረንጓዴ ቀለም አጠጡት፣ አደረቁት፣ በተራራው ግርጌ በተኑት። የእግሩ ሥጋ ሣር ሆነ። በየቀኑ ዱቄት ይፈስሳል፣ በየቀኑ ይዘግኑታል፣ በየቀኑ መስኩ ይለመልማል። ተራራውም ግርጌው ስላማረለት ተደሰተ።

አያ ምስጥ ከነቤተሰቡ ተመለሰ። አሁን ማንም አልከለከለውም።

«ኧረ ተበላሁ...» አለ እግሩ። ድምፁ ሰልሏል። ሦስተኛ ባቡሩን ለመነ። «ወንድሜ ባቡር፣ ከእኔ በላይ ባለው ጠመዝማዛ ስትደርስ ቀጥ በልልኝ። ሽማግሌው ምን ነካው ብለው ሲፈልጉ ያገኙኛል።»

ባቡሩ አዘነ፤ እውነቱን እንናገር፣ ከሁሉም እሱ ብቻ አዘነ። የጠረጴዛውን መዝመምም አውቆት ነበር፤ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ወደ ግድግዳው ያጋድል ጀምሯል። ግን፦ «ብቆም ተበላሸ ይሉኛል» አለ። «ሆዴን ይፈቱታል። እንግዶቹ ሲመጡ ሳጥን ውስጥ እገኛለሁ። ከንግሡ በኋላ እቆምልሃለሁ። ትንሽ ታገሥ።»

እግሩ ከዚያ በኋላ ማንንም አልለመነም።

ንግሡ ደረሰ። አቶ ሮብሌ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሌሎቹ የድሮ ሠራተኞችም ተከትለው ገቡ። ጓዳው ሞላ። ሮብሌ ጠረጴዛውን ሲያዩ ቆባቸውን አወለቁ።

«ቢተው... ደወሉ! ይህን ደወል እኔ አይደለሁም እንዴ የሰቀልኩት?»

«አንተ ነህ። ቅረብ፣ ቅረብና እየው።»

ሁሉም ቀረቡ። አንዱ በክርኑ፣ አንዱ በመዳፉ ጠረጴዛውን ተደገፉት። አቶ ቢተው ባቡሩን ለቀቁት። ባቡሩ ጣቢያውን አለፈ፣ ጫካውን አለፈ፣ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ሐዲዱ ከሥሩ ሲሸሽ ተሰማው። ያኔ ቀጥ አለ። ያኔ ፊሽካውን ነፋ።

ዘግይቶ ነበር።

እግሩ ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ እንደ ባዶ መቃ ታጠፈ። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ተደፋ። አቶ ቢተው «ጣቢያዬ!» ብለው ሥሩ ገቡ፤ በትከሻቸው ሊያቆሙት፣ በእጃቸው ሊደግፉት። ያን ጊዜ ተራራው ሆዱን የሞላውን ድንጋይ ሁሉ ይዞ ወረደ። ቀኝ እጃቸው ላይ ወረደ።

ሰዎቹ ተረባርበው አወጧቸው። ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላቸውን ቀደው እጃቸውን አሰሩላቸው። «እኔ አላልኩህም?» አላሉም።

ሮብሌ የተሰበረውን እግር አነሱ። ሲያነሱት ቀላል ነበር። ዘቀዘቁት፤ ነጭ ዱቄት ፈሰሰ። አቶ ቢተው ዱቄቱን አዩ። ከዚያ መሬት ላይ የተበተነውን ሣር አዩ። መልሰው ዱቄቱን አዩ።

«እኔው ነኝ» አሉ። «እኔው ዘገንኩት።»

ጣቶቻቸው አልተቃኑም። ከዚያ ወዲያ መቀስም ብሩሽም አልያዙም። ሮብሌም ዳግመኛ ወደዚያ ቤት መምጣት አልሆነላቸውም።

ስብርባሪው ከጓሮ ተጣለ። ተራራው እኩሌታው ተንዷል፣ ጫካው ጭቃ ጠጥቷል፣ ባቡሩ ጎኑ ተጨፍልቆ በጀርባው ተኝቷል። አያ ምስጥ በአጠገባቸው ሲያልፍ ባቡሩ ጠራው።

«አያ ምስጥ፣ አንተ ይህን የምታህል ትንሽ፣ ይህን ሁሉ አገር እንዴት ጣልከው?»

«እኔ?» አለ አያ ምስጥ። «እኔ የበላሁት አንድ እግር ነው። ሦስት ጊዜ ሲጮህ ሰምቼ፣ ሦስት ጊዜ ደንግጬ መብላቴን አቁሜ ነበር። አሁን ይመጡብኛል ብዬ። ከእመት እንሽላሊት በቀር ማንም ሳይመጣ ሲቀር መልሼ በላሁ።»

ይህን ብሎ ሄደ። ማታውን ዝናብ ጣለ። ጄሶው ረጠበ፣ ቀለሙ ለቀቀ፣ ተራራው ነጭ ጎርፍ ሆኖ በአጥሩ ሥር ወረደ።

የተሸከመህ ሲጮህ «ታገሥ» ካልከው፣ ስትወድቅ የሚሸከምህ አይኖርም።

ተረቴን አወረድኩላችሁ፤ እናንተ ደግሞ ተሸከሙት።