ከአፋፉ የተመለሱ ዱካዎች

ተረት ተረት! «የመሠረት» ያላችሁ ሁሉ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ዝናብ በራቀበት ዘመን፣ ለተጠማ ሁሉ የደረቀ ወንዝ አሸዋ እየቆፈረች ውሃ የምታወጣ አንዲት ለጋስ ዝሆን ነበረች። ድርቁ መቼ እንደሚያበቃ ማንም አያውቅም። እሷም ጉልበቷ ከድቷት፣ የቀራት አቅም ለአንድ ጉድጓድ ብቻ ሆነ።

«የት ልቆፍር?» አለች።

ሽንገላ የሚቀናው ቁራ፣ «እመቤቴ፣ የትም ይቆፍሩ! ብቻ እንደ ወትሮው ጥልቅ ይሁን፤ አገሩ ሁሉ ስምዎን እያነሳ ነው» አላት።

ለነገር የማትቸኩለው አሮጊቷ ኤሊ ግን፣ «ልጄ፣ ምስጋናውንስ ሰማን። እስቲ ደግሞ መሬቱን ጠይቂው» አለቻት።

ዝሆኗ ቀድሞ በቆፈረችው ጉድጓድ ዳር ጎንበስ ብላ አየች። የጎሽ ኮቴ ውሃው ድረስ ወርዷል። የጅግራና የአይጥ ዱካ ግን ከአፋፉ ደርሶ ተመልሷል። በየጉድጓዱ እንዲሁ ነው።

«ለካ ይኼን ሁሉ ዘመን የትንንሾቹን ዱካ ሳላየው እየረገጥኩት ኖሬያለሁ!» አለች ደንግጣ።

አዲስ ጉድጓድ አልቆፈረችም። በቀራት ጉልበት የአሮጌውን ጉድጓድ አፋፍ ናደችና ወደ ውሃው ቀስ እያለ የሚወርድ መንገድ አበጀችለት።

ጎህ ሲቀድ ተመልሳ መጣች። የውሃው ዳር እንደ ጤፍ በተበተነ ጥቃቅን ዱካ ተሞልቷል። ያች ግዙፍ ዝሆን አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀረች፤ የምታሳርፍበት ጠፋት።