በሥራ ላይ የምትተኛው መሣሪያ

አንድ የወረዳ ውሃ ቢሮ የወንዙን ከፍታ እየመዘገበ በስልክ መስመር የሚልክ መሣሪያ ፈለገ። ወንዙ ሲሞላ ከታች ያሉት መንደሮች ቶሎ እንዲሰሙ ነው። ምርጫው ምላሷ እንደ ምላጭ ለሆነ አንዲት የጥገና ሠራተኛ ተሰጠ። ባለፈው ክረምት ደራሽ ውሃ የእህቷን ቤት ጠርጎ ስለወሰደው፣ ነገሩን እንደ ዋዛ አላየችውም። ወንዙ ዳር መብራት የለምና ርካሽ፣ መዳፍ የምታህል፣ ትንሽ የፀሐይ ኃይል የሚበቃት መሣሪያ መርጣ ስብሰባ ላይ አቀረበች።

ኃላፊው አቶ ድልነሳው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩዋት።

"ይህቺ ናት? እኔ ጠረጴዛ የሚሞላ ኮምፒውተር ነበር የጠበቅሁት። ለመሆኑ ኃይል የምትቆጥበው እንዴት ነው?"

"ትተኛለች ጌታዬ። በየአሥር ደቂቃው ነቅታ ውሃውን ትለካለች፤ ውጤቱን ልካ ተመልሳ ትተኛለች።"

አቶ ድልነሳው ፊታቸው በራ። "ሰማችሁ? በመንግሥት ሥራ ላይ የምትተኛ! አንቺ፣ እዚህ ስንት ዓመት ሠራሽ?"

"አሥራ አንድ።"

"በአሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቢሮ ተኝቶ የሚሠራ አይተሻል? ካየሽ ስሙን ጥሪ፤ ካላየሽ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪልኝ።"

ስም ብትጠራ ከባልደረቦቿ ልትጣላ ነው፤ ዝም ብትል መሣሪያዋ ልትቀር ነው። ሴትዮዋ ዙሪያዋን ቃኘች።

"ተኝቶ የሚሠራስ አላየሁም" አለች። "በየአሥር ደቂቃው የሚነቃም አላየሁም። ከውጭ ይገዛ ያልኩት ለዚህ ነው።"

ተሰብሳቢው አንገቱን ደፋ። አቶ ድልነሳው ጉሮሯቸውን ጠርገው ለግዢው መፈረሚያ ብዕር ጠየቁ።