ጓሳ ብቻዬን ልሁን ያለች ጊዜ

ልጆቼ፣ ቁጭ በሉና ስሙ። እኔ አንድ ጊዜ ነው የምናገረው።

ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ፣ ወሩ ግንቦት ነበር። ዝናብ አልነበረም፤ ጉም ነበር።

ያኔ ሣር ይናገራል። በደጋው ጫፍ አንድ መስክ ነበር። ከላይ ረጅሟ ጓሳ፣ ከመሃል ባለ አበባው ማገጥ፣ ከታች ረግረጉ ውስጥ ቀጤማ ይኖሩ ነበር። ሰርዶ ደግሞ በሁሉም እግር ሥር ይሳባል።

የመስኩ ባለቤት ጥላዬ የሚባል ገበሬ ነው። የቤቱ ክዳን አርጅቷል። ክረምት ሳይገባ ካልከደነው ሚስቱና ልጆቹ ዝናብ ሲወርድባቸው ሊያድሩ ነው። በጓሳ የተከደነ ቤት ደግሞ አያፈስም።

ጓሳ ይህን ታውቃለች። ጉሙ ውስጥ እየተወዛወዘች፣ "ጥላዬ፣ እነዚህን ከአጠገቤ አንሣልኝ። ብቻዬን ከሆንኩ እጥፍ እሆንልሃለሁ" አለችው።

ጥላዬ ዶማውን አነሣ። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ማገጥ ሄደ።

"ተወኝ ጋሼ ጥላዬ። በሬህ ዳልቻ የሚወፍረው በእኔ ነው።"

"ቤት ትከድናለህ?"

"አልከድንም።"

"እንግዲያው ውጣ።" ነቀለው።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቀጤማ ወረደ።

"ተወኝ ጋሼ ጥላዬ። ምንጭህን አቅፌ የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"ቤት ትከድናለህ?"

"ለበዓል እጎዘጎዛለሁ እንጂ አልከድንም።"

"እንግዲያው ውጣ።" ነቀለው።

ጉሙ አልተነሣም። ቀኑ ቀን አይመስልም። ዳልቻ በነጩ ውስጥ እንደ ጥላ ቆሞ ወደ ምንጩ ያያል። ምንጩ ድምፁን አጥፍቷል።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሰርዶ መጣ። ሰርዶ አልለመነም፤ ሳቀ።

"ቆፍር ጋሼ። ቤት አልከድንም። ግን ስትጎትተኝ ማን እንደሚጮህ ስማ።"

ጥላዬ ጎተተ። ሰርዶ ረጅም ነው፤ እዚህ ሲይዙት እዚያ ይነቃነቃል። አፈሩ ተሰነጠቀ። ጓሳ ከነሥሯ ዘመመች።

"ኧረ ተወው! በማርያም ተወው!" ብላ ጮኸች። "ውሃውን አጣሁ፤ አሁን ደግሞ መሬቱን ልጣ?"

"ብቻዬን ልሁን ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"እኔማ ሣር ነኝ። ዶማውን የያዝከው አንተ ነህ።"

ጥላዬ ዶማውን ጣለ። ዞሮ ዳልቻን አየው። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ሁሉም ሲናገር ዳልቻ ብቻ ምንም አላለም። ጥላዬን የከበደው ይሄ ነው።

ሰርዶውን መልሶ አፈር አለበሰው። ከወንዝ ማዶ የቀጤማ ሥር ለምኖ አምጥቶ ምንጩ ዳር ተከለ። የማገጥ ዘር በተነ። ዳልቻን ወደ አማቱ መስክ ነዳው። የደረሰችውን ጓሳ ብቻ አጨደና መስኩን ለሦስት ዓመት ዘጋ።

ጓሳዋ የበቃችው ለቤቱ ግማሽ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን በተከደነው በኩል አስተኛ። እሱ በሚያፈሰው በኩል ተኛ። ሦስት ክረምት።

ልጆቼ፣ ቤት የማይከድን ሁሉ ከንቱ አይደለም። ቤት የሚከድነውን አቁሞ የያዘው እሱ ነው።

ጨረስኩ። ተነሡና ከብቱን አስገቡ። በመስኩ መሃል አትሂዱ፤ በዳር በዳር።