ማግኔቱ ውስጥ ምን አለ?

መልስ የማይቸግራት አንዲት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበረች። ማግኔት ላይ ብርሃን እያበራች፣ በውስጡ የሚርገበገበውን ረቂቅ ነገር ስታጠና አምስት ዓመት ደፍናለች። አንድ ቀን የተቋሙ ዋና ዳይሬክተር አቶ ድልነሳሁ አጃቢ አስከትለው መጡና፣ «ያንን ነገር አሁኑኑ በዓይኔ ካላሳየሽኝ ክፍሉን አስዘጋዋለሁ!» አሉ።

እሷም ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «ጌታዬ፣ እሱ በዓይን አይታይም። የገባው ብርሃን ጉልበቱ ቀንሶ ሲወጣ ነው መኖሩን የምናውቀው» አለች።

«ያላየሽውን ነው እንዴ አለ የምትይው?» አሉ፣ ወደ አጃቢዎቻቸው ዞረው እየሳቁ።

«እርስዎንስ መቼ ቢሮዎ አይተንዎት እናውቃለን? ግን ጉዳይ ይዞ የገባ ሁሉ ጉልበቱን ጨርሶ ሲወጣ እያየን፣ አለቃ አለን እንላለን።»

አቶ ድልነሳሁ በንዴት የመዝጊያ ደብዳቤ አስጻፉ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ጠረጴዛቸው ላይ ፊርማቸውን ይጠብቃል።